ቆርኪ፦ ከጠርሙስ አፍ እስከ ራስ ጌጥ

በማኅበራችን ምግብ ቤትና ግሮሰሪ ይዘን የምንሠራ ብዙዎች ነን። በየቀኑ ከፍተን የምንጥለው ቆርኪ ታሪክ አለው፤ በደቡብ ኦሞ ደግሞ ገበያም አለው።

ቆርኪን የፈለሰፈው በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ ይሠራ የነበረው ዊልያም ፔይንተር ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ከዚያ በፊት ጋዝ ያለው መጠጥ እየተነፈሰ ነጋዴን ያከስር ነበር። የመጀመሪያው ቆርኪ 24 ጥርስ ነበረው፤ ዛሬ በእጃችን ያለው 21 ነው፤ ቆጥራችሁ ማየት ትችላላችሁ። በውስጡ ይለጠፍ የነበረው ቡሽም ኋላ በፕላስቲክ ተተካ። በአገራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ኮካ ኮላም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገባ። ጠርሙስ በሄደበት ሁሉ ቆርኪም ተከተለ።

አሻንጉሊት መግዣ በሌለበት ቤት ቆርኪ የልጆች ሀብት ሆነ። ጠፍጥፈው፣ ሁለት ቦታ በስተው፣ ክር አስገብተው ያሽከረክሩታል። ለሽቦ መኪና ጎማ ያደርጉታል። ትልልቆቹም ዳማ ይጫወቱበታል፤ የአንዱ ተጫዋች ጠጠር ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ይሆንና ጨዋታው ይቀጥላል። የመጠጥ ድርጅቶች ከቆርኪው ሥር የሽልማት ምልክት ማተም ሲጀምሩ ደግሞ አዋቂውም ሰብሳቢ ሆነ።

በኦሞራቴ በኩል፣ የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ የሚኖሩት ዳሰነች ግን ከሁሉም የተለየ ነገር አደረጉ። ቆርኪውን በስተው፣ ደርድረውና አያይዘው የራስ ጌጥ ሠሩበት። የተጣለ የእጅ ሰዓት ማሰሪያም ይጨምሩበታል። ሌላው ቆሻሻ ያለውን እነርሱ ውበት አደረጉት። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በጥንታዊ የሰው ቅሪተ አካሉ ነው፤ ዛሬ ብዙውን ቱሪስት የሚስበው ግን ሕያው ሕዝቡና ጌጡ ነው። ፎቶ አንሺዎች የቆርኪውን ጌጥ ለዓለም አሳዩት፤ ጎብኚም እንደ ብርቅ ነገር ገዝቶ ሊወስደው ፈለገ።

ለእኛ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ቆርኪው በነፃ ስለተገኘ ጌጡ ወጪ የለውም ብለን እናስባለን። በሒሳብ ዓይን ግን እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ አንዲት ሴት ቆርኪ ለቅማ፣ አጥባ፣ በስታና ሰክታ ለመጨረስ 3 ቀን ቢፈጅባትና በ300 ብር ብትሸጠው፣ የቀን ዋጋዋ 100 ብር መሆኑ ነው። ከዚያ ላይ የማያያዣውንና የመጓጓዣውን ስንቀንስ ምን ይቀራል? ደላላ በመሃል ከገባስ? ጉልበቷን ያልቆጠረች ሴት እየከሰረች ያተረፈች ይመስላታል።

ሌላው ጉዳይ የስም ነው። በዓለም ሙዚየሞች ከአፍሪካ በተወሰዱ ብዙ ዕቃዎች ላይ የብሔረሰቡ ስም ሲጻፍ የሠሪዋ ስም አይገኝም። ይህን ማስተካከል በእጃችን ነው። የእጅ ሥራ የምንሸጥ እህቶች ሁሉ አንድ ደብተር እንያዝ፦ ማን ሠራችው፣ መቼ ሠራችው፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ በስንት ተሸጠ። መጻፍ የማንችል ካለን የምትችለዋ ትጻፍልን። ደብተሩ ዛሬ ዋጋ ለመተመን ይረዳናል፤ ነገ ደግሞ ልጆቻችን የእናቶቻቸውን ሥራ በስም ያውቁታል።