ሸማው የተከበረ፥ ሸማኔው የተናቀ

በአዲስ አበባ ከተማ፥ በመርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ የሚባለው ስፍራ ነጠላው፥ ኩታውና ጋቢው የሚሸጥበት ነው። ልጁን ለመዳር የተነሣ፥ ለጥምቀት የሚሰናዳ ሁሉ ወደዚያ ይሔዳል። ጥለቱን ይመርጣል፤ ፈትሉን በጣቱ ይዳስሳል፤ ሸማውንም ያመሰግናል። ሸማውን የሠራው ሰው ግን ብዙ ዘመን ስሙ የሚነሣው በስድብ ነበረ። ልብሱ የክብር ምልክት ሲሆን የልብሱ ሠሪ እንደ ምን ተናቀ? ምክንያቱን ከታሪክ መፈለግ ይገባል።

በቀድሞው ዘመን በሰሜኑ ደጋ አገር የሰው ክብር የሚለካው በርስት፥ በጦርና በክህነት ነበረ። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ከማደር በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ርስት የተከለከሉት እስላሞችና ቤተ እስራኤል ሽመናውን፥ ቀጥቃጭነቱንና ሸክላ ሥራውን ያዙ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመነ መንግሥትም (ከ1659 እስከ 1674 ዓ.ም.) እነዚህ ወገኖች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲቀመጡ በጎንደር ጉባኤ ተወሰነ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሰውየው መሬት ስለ ተነፈገ እጀ ሠሪ መሆኑ ተረሳና፥ አጥንቱ ክፉ ስለ ሆነ መሬት ተነፈገ ተባለ። ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለውም ወሬ ተጨመረበት። ንቀቱ ከሥራው ባሕርይ እንዳልመጣ ግን አንድ ምስክር አለ፤ ጥጡን በእንዝርት የምትፈትለው እመቤት ሳትቀር በባልትናዋ ስትመሰገን፥ ያንኑ ፈትል ድርና ማግ አድርጎ የሚሠራው ሸማኔ ይሰደብ ነበረ።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ደዌ አይደለም። በአውሮፓ ሮማ የሚባሉት ሕዝቦች ብረት ቀጥቃጮች፥ ድስት ለባጮችና ዕንጨት ጠራቢዎች ሆነው የአገሩን ሰው እያገለገሉ፥ በየከተማው ዳር ተገፍተው ኖረዋል። ዛሬ ሩማንያ በሚባለው አገር በሞልዳቪያና በዋላኪያ የመሳፍንቱ፥ የመኳንንቱና የገዳማቱም ሳይቀሩ ባሪያዎች ነበሩ፤ ነጻ የወጡትም በ1848 ዓ.ም. ነው። ነጻነቱ ከታወጀ በኋላም ስድቡ አልቀረም።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ካቀና በኋላ፥ ዶርዜዎችና ጎረቤቶቻቸው ወደ ዋና ከተማው እየመጡ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ በኩል ሰፈሩ። መወርወሪያቸውንም ይዘው የከተማውን ሰው አለበሱ። የከተማው ሰው ግን ከየትኛውም የጋሞ ቀበሌ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ ዶርዜ እያለ፥ የአገሩን ስም መሰደቢያ አደረገበት። ይህ ሸማኔ በአገሩ ማላ የሚባል ባለ መሬት፥ በሸንጎም የሚናገር ሰው ነበረ። ሆኖም በዚያው በጋሞ ሸክላ ሠሪው ማና፥ ቆዳ ፋቂው ደጋላ ተብሎ ከማላው ጋር በጋብቻ አይገናኝም ነበረ። እንግዲህ በከተማ የተናቀው በአገሩ ናቂ ነበረ ማለት ነው።

ዐፄ ምኒልክ ነገሩን ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፥ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፥ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያለ ሠራተኛን የሚሰድብ ሁሉ ተወቀሰ። የሰው ሁሉ አባቱ አዳም፥ እናቱም ሔዋን ስለ ሆኑ፥ ከእንግዲህ የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠርና በእስራት እንደሚቀጣ ተነገረ። በስድቡ ተራ አራሹና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ደብተራም መቈጠራቸው ሊዘነጋ አይገባም። ሸማኔውን የሰደበ አፍ ደብተራውንም አልማረም።

ኋላም በጣልያን ወረራ ጊዜ ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ ተዛወረ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ሰውን በትውልዱ መለየትን ከለከለ። ስለዚህ የንቀቱ ሥር የነበረው የመሬት ክልከላ በሕግ ተነቀለ። ነገር ግን አጥንት መቊጠር ከመሬት ሕግ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ስድቡ ከአደባባይ ቢሸሽ፥ ሽማግሌ ሲላክና የልጅ ዘር ሲጠየቅ ከቤት ውስጥ ይገኛል። ዐዋጅ ምላስን ይቀጣ ይሆናል፤ ጋብቻ የሚከለክለውን ልብ ግን የሚመክሩት የነፍስ አባትና የቤት አባወራ ናቸው።

ለስድብ የተመረጠው ቃል ራሱ ተሳዳቢውን ይፈርድበታል። ጠይብ ከግእዙ ጠቢብ የወጣ ነውና፥ ትርጓሜው ብልህ፥ ዐዋቂ ማለት ነው። በሸማው ጠርዝ ላይ የሚወርደውም ያማረ ሥራ ጥበብ ይባላል። ከሸማ ተራ ጥበብን በዋጋ ገዝቶ ለብሶ ጠቢቡን የሚንቅ ሰው፥ የለበሰውን ልብስ ስም አላስተዋለም።