ንጉሡና አማካሪዎቹ

ቦንጋ ሄዶ ቡና ሳይጠጣ የሚመለስ የለም፤ እኔም አልቀረሁም። ረከቦቱን ከበን ወሬያችን ወደ ካፋ ነገሥታት ዞረና እ.ኤ.አ. በ1897 በዳግማዊ ምኒልክ ጦር የተማረኩት የመጨረሻው ንጉሥ፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተነሡ። ሚክሬቾን ግን ማንም አላነሳም። ሚክሬቾ የንጉሡ አማካሪዎች ጉባኤ ነው፤ ንጉሡ ያለ እነሱ ምክር ትልቅ ነገር አይወስኑም ነበር።

የሳይንስ ታሪክም እንዲሁ ያዳላል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1856 በአንጎል ውስጥ ነርቮችን ያያይዛል ያለውን ነገር «ኒውሮግሊያ» አለው፤ የነርቭ ሙጫ እንደ ማለት። ስሙም ተጣብቆ ቀረ። አንድሩ ሻሊና ሮዠ ጊየመን አንጎል በሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ላይ ላደረጉት ምርምር በ1977 ኖቤል ሲሸለሙ፣ የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚቀሰቅሰው መልእክት ከነርቭ ሴሎች እንደሚወጣ ታውቆ ነበር። ሙጫውን ማን ያስታውሰው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአይጦች ላይ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት፣ አንዱ ዓይነት ግሊያ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ለቆ ነርቩን መልእክትህን ላክ ይለዋል። ሌላው የነርቩን ጫፍ እንደ በር ጠባቂ ሸፍኖ ይቆይና ሰዓቱ ሲደርስ ገለል ይላል። ያኔ መልእክቱ ወደ ፒቱታሪ ዕጢ ይፈሳል። ጉርምስናም ሆነ የዕንቁላል መውጣት ያለዚህ ምክክር ሥርዓቱን ይስታል።

እኛ ለልጆቻችን የነገሥታትን ስም አሸምድደን ምክክሩን ዘለልነው። ታዲያ አገር በአንድ ሰው ትእዛዝ ብቻ ይቆማል ብለው ቢያድጉ በማን ይፈረዳል?