ባንዲራውን የነጠቀው ሰው፦ ቭላዴ ዲቫትስና የሌለችው አገሩ

በስድስት ኪሎ የሚያልፍ ሁሉ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትን ያየዋል። ምስሎቹን የቀረጹት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ ሁለት የክሮኤሽያ ተወላጆች መሆናቸውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሐውልቱ በ1955 ሲቆም ሁለቱም የዩጎዝላቪያ ዜጎች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባን የጎበኙት ማርሻል ቲቶም የዚያችው አገር መሪ ነበሩ። ሐውልቱ ዛሬም በቦታው አለ። አገሪቱ የለችም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዩጎዝላቪያ በእኛ የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ከአገርነቷ ይልቅ ማስፈራሪያነቷ ይበልጣል። «እንደ ዩጎዝላቪያ እንዳንሆን» ያላለ ፖለቲከኛ፣ ያልጻፈ ጋዜጠኛ የለም ማለት ይቻላል። የፌዴራል ሥርዓቱን የሚደግፈውም የሚቃወመውም እኩል ስሟን እየጠራ ሌላውን ያስፈራራባታል። ነገር ግን አገር ሲፈርስ በአንድ ሰው ሕይወት፣ በሁለት ሰዎች ወዳጅነት ውስጥ ምን እንደሚመስል ሲወሳ እምብዛም አይሰማም። ዛሬ ከሕገ መንግሥት አንቀጾች ወጣ ብዬ፣ ጫማውን ከሰቀለ ሃያ ዓመት ስላለፈው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ልጽፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

ቭላዴ ዲቫትስ በፌብሩዋሪ 1968 ተወለደ። የትውልድ ከተማው ፕሪየፖልየ በደቡብ ምዕራብ ሰርቢያ የምትገኝ፣ ኦርቶዶክሶችና ሙስሊሞች ጎን ለጎን የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ናት። ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ቁመት ያለው ልጅ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ተደብቆ ሊያድግ አይችልም ነበር፤ ያች አገር ቅርጫት ኳስን እንደ ሁለተኛ ሃይማኖት የያዘች ነበረችና። በክራልየቮ ከተማው ስሎጋ ክለብ ጀምሮ በ1986 ወደ ቤልግሬዱ ፓርቲዛን ተዛወረ። በዚያው ዓመት ገና በ18 ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድኑ ተመርጦ ማድሪድ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

ተጋጣሚዋ ሶቪየት ኅብረት ነበረች። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ዩጎዝላቪያ በ9 ነጥብ ትመራለች። ሶቪየቶች ከሩቅ ተከታታይ ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶችን አስገቡ። ኳሱ በዲቫትስ እጅ ነበር፤ ልጁ ተደናግጦ፣ እያነጠረ የነበረውን ኳስ ይዞ ካቆመ በኋላ እንደገና አነጠረው። ይህ በሕጉ ጥፋት ነው። ኳሱ ተወሰደበት፣ ውጤቱ እኩል ሆነ፣ በተጨማሪው ሰዓትም 91 ለ90 ተሸነፉ። ያን ቀን የተሰበረውን ልጅ ካጽናኑት መካከል ቀዳሚው ከሦስት ዓመት በላይ የሚበልጠው የቡድኑ ኮከብ ድራዤን ፔትሮቪች ነበር።

ፔትሮቪች በአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሺቤኒክ የተወለደ የክሮኤሽያ ልጅ ነው። እናቱ ክሮኤሽያዊት፣ አባቱ ሰርብ ናቸው። ይህን ያስታወስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ አንዱ «የእነርሱ»፣ ሌላው «የእኛ» ተብሎ ሲከፈል ደም ቆጣሪዎቹ ይህን ጉዳይ እንዳላዩ አልፈውታልና።

ሁለቱ በብሔራዊ ቡድኑ አንድ ክፍል ይጋሩ ጀመር። በ1988 ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ ብር አገኙ። በ1989 በዛግሬብ፣ በፔትሮቪች ደጋፊዎች ፊት፣ ግሪክን 98 ለ77 አሸንፈው የአውሮፓን ዋንጫ ወሰዱ። በዚያ ቡድን ውስጥ ክሮኤሽያዊው፣ ሰርቡ፣ ስሎቬኑና ሞንቴኔግሮው ነበሩበት፤ የዛግሬብ ሕዝብም ለሁሉም አንድ ላይ አጨበጨበ።

በዚያው 1989 ሁለቱም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ዲቫትስ የደረሰው ከባድ ስፍራ ነው። ታላቁ ካሪም አብዱልጀባር ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተሰናብቶ የተወውን ቦታ በእንግሊዝኛው እየተንተባተበ ሊሞላ ነበር የመጣው። ማጂክ ጆንሰን ግን ወደደው፤ ሕዝቡም ጢማሙን፣ ሳቂታውን፣ ለቁመቱ በማይመጥን ቅልጥፍና ኳስ የሚያቀብለውን ሴንተር ወደደው። ፔትሮቪች በበኩሉ ፖርትላንድ ውስጥ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይበሳጭ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ማታ ማታ ስልክ ይደዋወሉ ነበር። የስደትን የመጀመሪያ ዓመት የሚያውቅ ሰው ያ ስልክ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወሩ ኦገስት 1990፣ ቦታው ቦነስ አይረስ ነው። ዩጎዝላቪያ በግማሽ ፍጻሜው አሜሪካን 99 ለ91፣ በፍጻሜው ሶቪየት ኅብረትን 92 ለ75 አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የማድሪዱ ዕዳ ተከፈለ። ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ተቃቅፈው ሲጨፍሩ አንድ ሰው የክሮኤሽያን ባንዲራ ይዞ ወደ መሐላቸው ገባ። ዲቫትስ ባንዲራውን ነጠቀው።

ድርጊቱ ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም። ግን አገር ቤት ምን እየሆነ እንደነበር እንመልከት። በጸደዩ ክሮኤሽያ የመጀመሪያውን የመድብለ ፓርቲ ምርጫ አካሂዳ የቱጅማን ብሔርተኛ ፓርቲ አሸንፏል። በሜይ 13 በዛግሬብ የዲናሞና የቀይ ኮከብ የእግር ኳስ ጨዋታ በደጋፊዎች ጦርነት ተቋርጧል። ሻምፒዮናው ገና ሳይጠናቀቅ፣ በኦገስት 17፣ በክኒን አካባቢ የሚኖሩ ሰርቦች ግንድ እየቆረጡ መንገድ መዝጋት ጀምረዋል። በዚህ ሰሞን ከባሕር ማዶ «ሰርቡ የክሮኤሽያን ባንዲራ ነጠቀ» የሚል ዜና ደረሰ። በዛግሬብ ዲቫትስ ጠላት ሆነ፤ በቤልግሬድ ደግሞ ያልጠየቀው ጀግንነት ተሰጠው። ባንዲራ በጨርቅነቱ እንደማይቆም ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዲቫትስ ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመታት ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ያሸነፍነው ለዩጎዝላቪያ ነበር፤ ሰውየው የሰርቢያን ባንዲራ ይዞ ቢገባም ያንኑ አደርግ ነበር። እኔ አምነዋለሁ። የ22 ዓመት ወጣት በድል ስካር ውስጥ ሆኖ የብሔር ስሌት ይሠራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ነገር ግን ማመን ብቻውን አይበቃም። የጋራው ባንዲራ በሁሉም ትከሻ ላይ እኩል አይከብድም ነበር። ለሰርቡ ልጅ ዋና ከተማው የራሱ ከተማ፣ የጦሩ መኮንኖች በአብዛኛው የራሱ ወገኖች ነበሩ፤ «እኔ ዩጎዝላቭ ነኝ» ለማለት ከራሱ ምንም መቀነስ አይጠበቅበትም። በዛግሬብ ላለ ሰው ያው ቃል በ1990 ዋጋ የሚያስከፍል ሆኗል። ዲቫትስ ገለልተኛ ነው ብሎ ያሰበው ስፍራ፣ ከሌላው ወገን ሲታይ ገለልተኛ አልነበረም። ያን በጊዜው አላየውም፤ ማየትም ይችል ነበር ብዬ አልፈርድበትም።

በፔትሮቪች ላይስ እንፍረድ? ጓደኛው ምን አስቦ እንዳደረገው ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ሆኖም ራቀው። ስልኩ ተቋረጠ። ቡድኖቻቸው ሲገናኙ እንኳ ከቀዝቃዛ ሰላምታ አላለፈም። በእኔ ግምት ክፋት አልነበረም፤ ወገኑ በየቀኑ «አንተ ከማን ጋር ነህ?» እያለ በሚጠይቅበት ጊዜ፣ ያውም አባቱ ሰርብ ለሆነ ሰው፣ ከዲቫትስ ጋር መታየት ራሱን የቻለ መልስ ይሆንበት ነበር።

ቡድኑ አንድ የመጨረሻ ዓመት ቀርቶት ነበር። በጁን 1991 ሮም ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮና ሲካሄድ ፔትሮቪች አልተገኘም። በውድድሩ መሐል፣ በጁን 25፣ ስሎቬኒያና ክሮኤሽያ ነጻነታቸውን አወጁ። ስሎቬኑ ዩሬ ዝዶቭትስ ከአገሩ መንግሥት በደረሰው መመሪያ ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ቡድኑን ተሰናበተ። ክሮኤሽያውያኑ ኩኮችና ራጃ ቆይተው ከዲቫትስ ጋር ጣሊያንን 88 ለ73 አሸነፉ። ሜዳሊያው በአንገታቸው ላይ ሲጠለቅ በስሎቬኒያ ጥይት እየተተኮሰ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። በሜይ 1992 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ያሳለፈው ማዕቀብ ስፖርትንም ስለጨመረ የዲቫትስ ቡድን ከባርሴሎና ኦሊምፒክ ቀረ። ክሮኤሽያ በፔትሮቪች እየተመራች ለፍጻሜ ደርሳ በአሜሪካው «የሕልም ቡድን» 117 ለ85 ተሸንፋ ብር ወሰደች። በኒው ጀርዚ ኔትስም ፔትሮቪች በመጨረሻ የሚገባውን ስፍራ አገኘ፤ በ1992-93 የውድድር ዘመን በአማካይ 22.3 ነጥብ በጨዋታ አስቆጠረ። ጁን 7 ቀን 1993፣ ፖላንድ ውስጥ ለክሮኤሽያ ተጫውቶ ሲመለስ፣ በጀርመን ኢንጎልሽታት አጠገብ የተሳፈረባት መኪና ከከባድ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጭታ ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። አንድ ሰርብ ለቀብር ወደ ዛግሬብ የሚሄድበት ዘመን አልነበረምና ዲቫትስ መርዶውን በሩቅ ሰማ። ሁለቱ እንደገና ሳይነጋገሩ ቀሩ።

የቀረው የስፖርት ሕይወቱ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ማዕቀቡ ተነሥቶ በ1995 አቴንስ ላይ ዩጎዝላቪያ በሚለው ስም የተረፉት ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ሲያሸንፉ ዲቫትስ አብሮ ነበር፤ ሦስተኛ የወጡት ክሮኤሽያውያን የአሸናፊዎቹ ብሔራዊ መዝሙር ሳይዘመር ከመድረኩ ወርደው ሄዱ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከአራት ዓመት በፊት ሮም ላይ ከእርሱ ጋር ተቃቅፈው የጨፈሩ ናቸው። በ1996 ሌከርስ ኮቢ ብራያንት የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ለማግኘት ዲቫትስን ለሻርሎት ሰጠ። ዲቫትስ መጀመሪያ «ከምሄድ መጫወት አቆማለሁ» ብሎ አንገራግሮ ነበር፤ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ የሌከርስ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። በ1999 ወደ ሳክራሜንቶ ኪንግስ ከሄደ በኋላ ኔቶ ሰርቢያን 78 ቀን ደበደበ፤ እርሱም ደመወዙን የሚያገኝባት አገር አውሮፕላኖች የትውልድ አገሩን ሲመቱ እየሰማ ይጫወት ነበር።

ኪንግስ በ2002 ለዋንጫው እጅግ ቀርበው ነበር። በምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ ላይ በ24 ነጥብ እስከ መምራት ደረሱ፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ዲቫትስ ከቅርጫቱ ሥር ለማራቅ የመታው ኳስ በቀጥታ ሮበርት ሆሪ እጅ ገባ፣ ሆሪም አስገብቶ ሌከርስ 100 ለ99 አሸነፉ። ከማድሪድ እስከ ሳክራሜንቶ፣ የዚህ ሰው ዕጣ ኳስ ከእጁ ስትወጣ ወደማይፈልገው ቦታ መሄድ ይመስላል። (ሳይነኩት እየወደቀ ዳኛ በማታለልም ስመ ጥር ነበር፤ ለእውነት ሲባል ይህም ይጻፍ።) በዚያው ዓመት ኢንዲያናፖሊስ ላይ አሜሪካን በገዛ ምድሯ 81 ለ78 ካሸነፈው ቡድን ጋር የዓለም ዋንጫን ደገመ። በፌብሩዋሪ 2003 ዩጎዝላቪያ የሚለው ስም ራሱ ተሠረዘ።

በ2005 ከ16 የውድድር ዘመን በኋላ ጫማውን ሰቀለ። ከ13 ሺህ በላይ ነጥብ፣ ከ9 ሺህ በላይ ከቅርጫት የተመለሰ ኳስ፣ ከ3500 በላይ ለግብ የቀበለ ኳስ አስመዝግቧል። ከባለቤቱ ጋር ባቋቋመው ድርጅት በጦርነቱ ለተፈናቀሉ ሰዎች ቤት ሲያሰጥ ቆየ፤ ከ2009 እስከ 2017 የሰርቢያን ኦሊምፒክ ኮሚቴ መራ። የኪንግስ ኃላፊ በነበረበት በ2018፣ ሉካ ዶንቺች የሚባለውን ስሎቬናዊ ልጅ አልፎ ሌላ መረጠ፤ ሳክራሜንቶዎች ይህን ዛሬም ይቅር አላሉትም።

በ2010 ስለ ሁለቱ ወዳጅነት አንድ ዘጋቢ ፊልም ተሠራ። ዲቫትስ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ዛግሬብ ይገባል። መንገደኛው ዞር እያለ ያየዋል፤ ከእንዲህ ያለ ቁመት ጋር መሸሸጊያ የለም። የፔትሮቪች እናት ወይዘሮ ቢሰርካ ይቀበሉታል፤ ተቃቅፈው ብዙ ሳይናገሩ ይቀመጣሉ። ከዚያ ወደ ሚሮጎይ መካነ መቃብር ይሄዳል። ጎንበስ ብሎ ሁለቱ በወጣትነታቸው አብረው የተነሡትን ፎቶግራፍ በመቃብሩ ላይ ያስቀምጣል።