ከባቡር ጣቢያ ዳር የተመዘገበ ታሪክ

አንድ የምሕንድስና ሥራ ሁለት ዓይነት መዝገብ ይኖረዋል። አንደኛው፣ ሥራውን የሠራው ወይም የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት የሚይዘው ነው፤ ይኸውም ንድፉን፣ ወጪውን፣ የጥገናውን ቀንና የአገልግሎቱን ዘመን ይገልጻል። ሁለተኛው፣ ማንም ሳያዛቸውና ደመወዝ ሳይከፍላቸው፣ ሥራውን ስለ ወደዱት ብቻ ዕለት ዕለት የሚመለከቱት ሰዎች የሚይዙት ነው። ድርጅቱ መዝገቡን የሚጠብቀው ለሥራው እስካስፈለገው ጊዜ ድረስ ነው፤ መሣሪያው ሲያረጅ ወረቀቱም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጣላል። የወዳጅ መዝገብ ግን መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው የብሪታንያ የባቡር ተመልካቾች ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሰዓትና ሐዲድ

በብሪታንያ ባቡርን ማየት የሚወዱ ሰዎች በማኅበርና በመጽሔት መሰባሰብ የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በ1897 «የምድር ባቡር መጽሔት» መታተም ጀመረ። በ1899 በለንደን የምድር ባቡር ክበብ ተቋቋመ። በ1909 ደግሞ የምድር ባቡር አባት በሚባለው በጆርጅ ስቲቨንሰን ስም የተጠራው የሎኮሞቲቭ ማኅበር ተከተለ። አባሎቻቸው የቢሮ ጸሐፊዎች፣ መምህራን፣ ቀሳውስትና መሐንዲሶች ነበሩ። በመካከላቸው የነበረው ልማድ ዕውቀትን በነጻ መለዋወጥ ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ መመልከት ብቻ ስላልበቃቸው መለካት ጀመሩ። በብሪታንያ ሐዲዶች ዳር በየሩብ ማይሉ ምልክት ተተክሎ ነበር፤ ስለዚህ መንገደኛው በሁለት ምልክቶች መካከል ያለፈውን ሴኮንድ በእጅ ሰዓቱ ይዞ 900ን በዚያ ቁጥር ሲያካፍል የባቡሩን ፍጥነት በማይል ያገኝ ነበር። ምልክቱ በማይታይበት ሌሊት ደግሞ ጆሮ ዓይንን ይተካል። የአንዱ ሐዲድ ርዝመት 60 ጫማ በሆነበት መሥመር ላይ፣ በ41 ሴኮንድ ውስጥ የሚሰሙት የመጋጠሚያ ድምፆች ብዛት ከባቡሩ የሰዓት ፍጥነት በማይል ጋር እኩል ይሆናል። በሜትር ለሚሠራ ሰውም ዘዴው ያው ነው፤ የሐዲዱ ርዝመት በሜትር በ3.6 ሲባዛ በሚገኘው ሴኮንድ ውስጥ የተቆጠሩት ድምፆች ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣሉ። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ልኬት ነበር።

የዚህ ልኬት ጥንካሬም ድካምም የታየው ሜይ 9 ቀን 1904 ነው። በዚያን ዕለት «ሲቲ ኦቭ ትሩሮ» የተባለ ሎኮሞቲቭ ከውቅያኖስ ማዶ በመርከብ የመጣ ፖስታ ይዞ ከፕሊመዝ ወደ ብሪስቶል ይገሠግሥ ነበር። ቻርልስ ራውስ ማርተን የተባሉ የባቡር ጉዳይ ጸሐፊ ሰዓታቸውን ይዘው ተሳፍረው ነበር። ባቡሩ በዌሊንግተን ቁልቁለት ሲወርድ አንዱን ሩብ ማይል በ8.8 ሴኮንድ እንዳለፈው መዘገቡ፤ ይህም በሰዓት 102.3 ማይል ወይም ወደ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ድርጅቱ ሕዝብ እንዳይደነግጥ በማሰብ ከፍተኛውን ፍጥነት ወዲያውኑ ለማሳወቅ አልፈለገም። ኋላ ቁጥሩ ሲታወቅ ክርክር ተነሣ። በእጅ ሰዓት የአንድ ሴኮንድ ጥቂት ክፍልፋይ ስሕተት ፍጥነቱን በብዙ ማይል ስለሚያዛባ፣ ሎኮሞቲቩ በእርግጥ 100 ማይልን አልፎ እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚጠራጠሩ አሉ። ሆኖም ያ አከራካሪ ቁጥር አንድ ነገር አድርጓል። ሎኮሞቲቩ በ1931 ከሥራ ሲወጣ፣ ዝነኛ በመሆኑ ለብረት ማቅለጫ ሳይሰጥ በዮርክ ከተማ ወደነበረው ቤተ መዘክር ገባ። ዕድሜውን ያራዘመለት የአንድ ሰው የኪስ ሰዓት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአንድ ሽልንግ መጽሐፍ

የባቡር መመልከት ከጥቂት አዋቂዎች ወደ ብዙ ሺህ ልጆች የተዛመተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ኢያን አለን የተባለ ወጣት በለንደን ዋተርሉ ጣቢያ በደቡብ ምድር ባቡር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ አንድ እግሩን አጥቷል። ከሥራዎቹ አንዱ ስለ ሎኮሞቲቮች ለሚጠይቁ ሰዎች ደብዳቤ መልስ መስጠት ነበር። ጥያቄዎቹ እየተደጋገሙ ስለመጡ፣ የሎኮሞቲቮቹን ቁጥርና ዓይነት የያዘ አነስተኛ መጽሐፍ ቢታተም ድካሙ እንደሚቀል ለአለቃው ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ተቀባይነት ስላላገኘ በ1942 ራሱ አሳተመው። የመጀመሪያው እትም 2,000 ቅጂ፣ ዋጋውም አንድ ሽልንግ ነበር፤ በአጭር ጊዜ ውስጥም ተሸጦ አለቀ። ከዚያም የሌሎቹ የምድር ባቡር ድርጅቶች መጽሐፍ በየተራ ወጣ።

መጽሐፉ ከዝርዝር በቀር ሌላ ጽሑፍ አልበዛበትም። ያየኸውን ቁጥር በእርሳስ ታሰምርበታለህ፤ ያላየኸው ባዶውን ይቀመጣል። ነገር ግን ይህ ባዶ ቦታ ልጆችን ከቤት እያስወጣ ወደ ጣቢያ ይስባቸው ነበር። ሁለት ዋና ዋና መሥመሮች በላይና በታች በሚተላለፉባት በታምዎርዝ ከተማ የተመልካቾቹ ብዛት በ1944 ችግር እስከ መፍጠር ደረሰ፤ ሐዲድ ላይ የወጡ ልጆችም ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። ስሙ ከነገሩ ጋር የተነሣበት አለን የተመልካቾች ክበብ አቋቁሞ፣ አባላቱ ወደ ሐዲድ እንዳይገቡና ሥራ እንዳያውኩ ቃል የሚገቡበትን ደንብ አወጣ። ይህ ደንብ ባይኖር ኖሮ ጣቢያዎቹ በራቸውን በልጆቹ ላይ ለመዝጋት ባልዘገዩ ነበር።

የፔሮን ወሬ

በ1950ዎቹ ዓመታት አንድ ልጅ በአንድ ሳንቲም የፔሮን ቲኬት ቆርጦ ወደ ፔሮኑ ጫፍ፣ ሎኮሞቲቩ ወደሚቆምበት ቦታ ይሄድ ነበር። በእጁ መጽሐፍና እርሳስ፣ በኪሱ ዳቦ ይዟል። ከእሱ በፊት የደረሱት የመጀመሪያው ጥያቄ ከሰላምታም የሚቀድም ነው፤ «ምን ምን አለፈ?» የሚል። የሚቀጥለው ወሬ ባቡር እስኪመጣ የሚያደርስ ነው። የማን መጽሐፍ ሊሞላ ምን ያህል ቀረው? የትኛው ሎኮሞቲቭ ለጥገና ገባ? ትናንት ሁሉም ያየውን ዛሬ ብቻውን ያላየው ልጅ ማን ነው? ባቡሩ ሲዘገይ መዘግየቱ ራሱ ርእስ ይሆናል።

ወሬው ተራ ቢመስልም ትምህርት ነበረበት። የምድር ባቡር ድርጅቶች በጃንዋሪ 1948 ወደ መንግሥት ሲዛወሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ፤ ቁጥራቸውም እንደገና ተደለደለ። የቀድሞው ደቡብ ድርጅት ከ30,000 በላይ፣ የሎንደን ሚድላንድና ስኮትላንድ ከ40,000 በላይ፣ የሎንደንና ሰሜን ምሥራቅ ከ60,000 በላይ ሲሰጣቸው፣ የምዕራቡ የቆየ ቁጥሩን ይዞ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ልጁ ቁጥሩን እንዳየ የትውልድ አገሩን ያውቃል። በሎኮሞቲቩ ግንባር ላይ ያለች ትንሽ ሰሌዳ ደግሞ ማደሪያውን ትነግረዋለች፤ ለምሳሌ «34ኤ» ማለት ኪንግስ ክሮስ ነው። ማደሪያው ሩቅ የሆነ ሎኮሞቲቭ ድንገት ሲታይ «ይህ እዚህ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ መልስ የሚፈልግ ልጅ፣ ሳያውቀው የትራፊክ አደላደልን መማር ጀምሯል ማለት ነው። ጆሮውም ይሠለጥናል፤ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሎኮሞቲቭ መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ፣ ሦስት ሲሊንደር ያለው ስድስት ጊዜ እንደሚተነፍስ ገና ሳይታይ ከሩቅ ይለያል።

ሕዝቡ ግን በተመልካቾቹ ይሥቅ ነበር። በዝናብና በብርድ ለብሰውት የሚቆሙት «አኖራክ» የሚባለው ካፖርት ከጊዜ በኋላ የስድብ ስም ሆነባቸው። ሥቀቱ በከፊል ምክንያት ነበረው፤ ቁጥር ሰብስቦ ስለ መሣሪያው አንዳች የማያውቅ ብዙ ነበርና። ሆኖም ከመካከላቸው መሐንዲስም ጳጳስም ይገኝ ነበር። የዌክፊልድ ጳጳስ የነበሩትና በባቡር ፎቶግራፍ የታወቁት ኤሪክ ትሬሲ በ1978 ዓ.ም. ያረፉት የእንፋሎት ባቡር ሲጠብቁ በአፕልቢ ጣቢያ ላይ ነው።

የእንፋሎት ዘመን ፍጻሜ

በ1955 የወጣው የማሻሻያ ዕቅድ እንፋሎትን በናፍጣና በኤሌክትሪክ ለመተካት ወሰነ። ለብሪታንያ ምድር ባቡር የተሠራው የመጨረሻው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ «ኢቭኒንግ ስታር» በ1960 ከስዊንደን ፋብሪካ ወጣ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ከሥራ ተሰናበተ። በ1963 የቀረበው የዶክተር ቢቺንግ ሪፖርት 2,363 ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ። ኦገስት 11 ቀን 1968 ዋናው የእንፋሎት ጉዞ አበቃ። ብዙ አሥር ዓመታት እንዲያገለግሉ የታሰቡ መሣሪያዎች አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ብረት ቆራጭ ሄዱ። በዚያ ጥድፊያ መካከል የእያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ መጨረሻ ጠንቅቆ የሚከታተል አለቃ አልነበረም። የተከታተሉት የተሣቀባቸው ተመልካቾች ናቸው። በየማደሪያውና በየቆራጩ ግቢ እየዞሩ ቁጥር ጻፉ፤ ዛሬ ተመራማሪዎች የድርጅቱን ወረቀት የሚያስተያዩት ከዚህ ማስታወሻ ጋር ነው።

ማስታወሻው ወደ ተግባር የተለወጠበትም ቦታ አለ። በደቡብ ዌልስ በባሪ ከተማ የሚገኝ አንድ ብረት ቆራጭ ድርጅት ከገዛቸው 297 ሎኮሞቲቮች ይልቅ አሮጌ ፉርጎዎችን ማስቀደሙ ስለ ቀለለው፣ ሎኮሞቲቮቹ ለዓመታት በዝገት ተሰልፈው ቆሙ። ተመልካቾች ዝርዝራቸውን ይዘው ነበርና፣ ገንዘብ እያዋጡ 213ቱን አንድ በአንድ ገዝተው አወጡ። ይህን ዓይነት ድፍረት ያስተማራቸው የታሊሊን መሥመር ነበር። ይህች ትንሽ የዌልስ የድንጋይ ማጓጓዣ መሥመር ልትዘጋ ስትል፣ በመሐንዲስነት የሠለጠኑት ደራሲ ቶም ሮልት በኦክቶበር 1950 በበርሚንግሃም ስብሰባ ጠሩ፤ ከ1951 ጀምሮም በበጎ ፈቃደኞች እጅ ባቡር ሄደባት። በዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች።

ያልዳኑትስ? ኤ1 ከሚባሉት 49 ሎኮሞቲቮች አንድም ሳይተርፍ በ1966 አልቀው ነበር። ወዳጆቻቸው በ1990 ማኅበር አቋቁመው፣ በዮርክ ቤተ መዘክር ከተገኙት የጥንት ንድፎች ተነሥተው 50ኛውን በዳርሊንግተን መሥራት ጀመሩ። «ቶርኔዶ» የተባለው ሎኮሞቲቭ በ2008 በራሱ እንፋሎት ተንቀሳቀሰ። ቦይለሩ ግን የተሠራው በጀርመን አገር በማይኒንገን ወርክሾፕ ነው። ለዓለም ሎኮሞቲቭ ሲሸጥ የኖረ አገር፣ እንዲህ ያለውን ቦይለር ለማሠራት ባሕር መሻገር አስፈለገው። ንድፍ በወረቀት ይተርፋል፤ የእጅ ሙያ ግን ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ለቤት የሚተርፈው ትምህርት

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ባለሙያ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1894 የፈቀዱት የባቡር መንገድ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ የተወለደችው ከዚህ መንገድ ነው፤ በአዲስ አበባም የፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም ተለውጦ «ለገሃር» የሚል የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። እንፋሎቱ ለናፍጣ፣ አሮጌው መሥመር ደግሞ በ2016 ለተመረቀው ባለ 1.435 ሜትር ስፋት የኤሌክትሪክ ሐዲድ ቦታውን ለቀቀ። በእነዚህ ለውጦች መካከል የጠፋውን የሙያ ዕውቀት ያህል የሚያካክስ ማስታወሻ በየቤቱ ተጽፎ አልተቀመጠም።

በጎረቤት ኤርትራ የሆነው ነገር የዕውቀት ባለቤት ማን እንደሆነ ያሳያል። በ1911 አሥመራ የደረሰውና በ1970ዎቹ ጦርነት የተቋረጠው የምጽዋ መሥመር ከ1994 ጀምሮ ሲታደስ፣ ሥራውን ለመምራት የተጠሩት ጡረታ የወጡት ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1938 የተሠሩት የኢጣልያ ሎኮሞቲቮች እንደገና ጨሱ፤ ከአውሮፓ የመጡ ተመልካቾችም ደብተራቸውን ይዘው ተራራውን ወጡ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ባይገኙ ኖሮ ሐዲዱ ብቻ ምንም ባልረዳ ነበር።

ስለሆነም የማኅበር አባል የሆነ መሐንዲስ ከብሪታንያ ልጆች የሚማረው የጨዋታውን ዓይነት ሳይሆን ልማዱን ነው። ዛሬ የሚሠራው ፓምፕ፣ ድልድይ፣ ተርባይን ወይም ሎኮሞቲቭ ነገ ይለወጣል። ቁጥሩን፣ የተተከለበትን ቀን፣ የተበላሸበትን ምክንያትና ያስተካከለውን ሰው ስም ዛሬ በአንድ መሥመር የሚጽፍ ባለሙያ፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ከሪፖርት የሚበልጥ ነገር ያቆይለታል። በድሬዳዋ ወርክሾፕ የሠሩ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ የሚያውቁትን ጠይቆ መጻፍም ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው።