ተምችን በሳይንሳዊ ስሙ ለይቶ የማወቅ ጠቀሜታ

በኢትዮጵያ ተምች እየተባሉ የሚጠሩት ሰብል አውዳሚ ትሎች የእሳት እራት እጮች ናቸው። ይሁንና ይህ የወል ስም ከአንድ በላይ ዝርያዎችን የሚያመለክት በመሆኑ፣ ለመከላከል ሥራ ሳይንሳዊ ስማቸውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስዊድናዊው ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ በ1758 ባሳተመው «ሲስተማ ናቱሬ» አሥረኛ እትም ለእንስሳት በወጥነት በተጠቀመበት ሥርዓት መሠረት፣ እያንዳንዱ ዝርያ በሁለት ቃላት ይሰየማል። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይገልጻል።

ነባሩ የአፍሪካ ተምች ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ፣ መጤው የአሜሪካ ተምች ደግሞ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ይባላሉ። ሁለቱም በሌፒዶፕቴራ ክፍለመደብ፣ በኖክቱይዴ አስተኔ ሥር የሚመደቡ የአንድ ወገን አባላት ናቸው።

ስያሜ በምርምር ሊሻሻል ይችላል። እንግሊዛዊው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ እ.ኤ.አ በ1797 መጤውን ተምች ሲሰይመው ፋሌና በተባለ ወገን ውስጥ መድቦት ነበር። ዝርያው ከጊዜ በኋላ ላፊግማ ወደተባለው፣ ቀጥሎም ወደ ስፖዶፕቴራ ተዛውሯል። የሰያሚው ስም በቅንፍ ውስጥ የሚጻፈውም ዝርያው ከመጀመሪያው ወገን መዛወሩን ለማመልከት ነው። የአፍሪካው ተምችም በቀድሞ ሰነዶች ላፊግማ ኤግዜምፕታ በሚል ስም ስለሚገኝ፣ የቆዩ መዛግብትን የሚያገላብጥ ባለሙያ ይህን ሊገነዘብ ይገባል።

መጤው ተምች በአፍሪካ እ.ኤ.አ በ2016፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በ2017 መከሰቱ ተረጋግጧል። ትሉ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የላቲን «ዋይ» ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት፣ በጅራቱ አካባቢ ደግሞ አራት ማዕዘን የሚሠሩ አራት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት።

የሁለቱ አኗኗርም የተለያየ ነው። የአፍሪካው ተምች የእሳት እራት በነፋስ እየታገዘ ረጅም ርቀት ይጓዛል፤ ትሎቹም በመንጋ ሆነው ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና የግጦሽ ሣር ያወድማሉ። መጤው በአብዛኛው በቆሎን የሚያጠቃ ሲሆን፣ ባልተፈቱ ለጋ ቅጠሎች መሐል ስለሚደበቅ የሚረጨው ኬሚካል በቀላሉ አይደርሰውም። ሞቃትና በቆሎ የማይጠፋበት አካባቢ ካገኘም ዓመቱን ሙሉ ይራባል። የእሳት እራቶቹን ለመከታተል በወጥመድ ውስጥ የሚደረገው ማማለያ ሽታም እንደየዝርያው ይለያያል።

በመሆኑም ከወረዳ የሚላክ ሪፖርት «ተምች ተከስቷል» ከሚል ጥቅል አገላለጽ ይልቅ የዝርያውን ስም፣ የተጠቃውን ሰብልና የትሉን የእድገት ደረጃ ቢይዝ፣ ትክክለኛው የመከላከያ ዘዴ ጉዳቱ ሳይሰፋ እንዲወሰን ያስችላል።