ስሙን ለብሶ የተሻገረው ሰው

ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚያዞሩት ልጆች አንዱ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ትርጉም ልብ ወለድ ከክምሩ መዝዞ «እህቴ፣ ይቺን ጀምረሽ ካቋረጥሻት ገንዘብሽን እመልሳለሁ» አለኝ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት አንድ ቀን ጠዋት ስትነቃ ስሟ የእርሷ አይደለም። ባንክ ያስቀመጠችው ገንዘብ፣ ቤቷ፣ ሥራዋ፣ ሁሉም እርሷን ነኝ በምትል በሌላ ሴት እጅ ገብቷል። ከዚያ ወዲያማ ሩጫ ነው፤ ፖሊስ፣ ባቡር፣ ሽጉጥ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ሌላ ልገዛ ስመለስ ልጁ ሳቀና «ይሄ ነገር እኮ የፈረንጅ አገር ነው» አለኝ። «እዚህ አንዷ ተነሥታ አንቺን ነኝ ብትል ጎረቤትሽ መች ያምናታል?»

ልጁ የተናገረው ግማሽ እውነት ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የቀረው ግማሽ ነው።

በእኛ አገር የሰው ማንነት ለረጅም ዘመን የኖረው በወረቀት ላይ ሳይሆን በሰው ዓይንና በሰው አፍ ላይ ነው። እገሌ የእገሌ ልጅ መሆኑን የሚያውቀው ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የነፍስ አባቱ ነው። ለመበደርም ለመከራየትም ዋስ ይጠራል እንጂ መዝገብ አይገለጥም። ስለዚህም የሰው ስም ለመስረቅ የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ጭንቀቱ ፊቱ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን መባቻ ዐፄ ያዕቆብ በጎል ጦርነት በሱስንዮስ ድል ተነሥተው ከሞቱ በኋላ፣ በሰሜን በኩል አንድ ሰው «ያዕቆብ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም» ብሎ ተነሥቶ ነበር። ብዙ ተከታይም አገኘ። ይህ ሰው በጦርነቱ ቆስያለሁ እያለ የፊቱን ከፊል በጨርቅ ይሸፍን ነበር። ብልህ ነው! ንጉሡን በዓይኑ ያየ ሰው ገና በሕይወት መኖሩን ያውቃል።

ወረቀቱ የመጣው ዘግይቶ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጾች ደነገገና፣ መጨረሻው አካባቢ በቁጥር 3361 እነዚያኑ አንቀጾች በልዩ ትእዛዝ እስኪታወጁ ድረስ አሳደራቸው። ማደር ብቻ አይደለም፣ ከረሙ። በአገር አቀፍ ደረጃ መዝገቡ የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። ማዘጋጃ ቤት ለጠያቂ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ ያውም ቢሆን ዞሮ ዞሮ በምስክር ቃል ላይ የቆመ ነበር።

ይህን ባዶ ቦታ የሞላው ቀበሌ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። አዲስ አበባም ከጊዜ በኋላ በ25 ከፍተኞች ተከፋፈለች። መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ በፎቶግራፉ ጫፍ ላይ ያረፈ ክብ ማኅተም... ያቺ ካርቶን ከሌለች ሰው ሰው አልነበረም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ከተማይቱ ቤት ለቤት ስትታሰስ መታወቂያ ያልያዘ እንደ ጠላት ተቆጠረ። ማን መሆንህን የሚመሰክርልህ ጽሕፈት ቤት ራሱ አሳሪህ ሆነ። በዚያ ወቅት ስም መለወጥ የሚታደኑት ወጣቶች ብልሃት ነበር። በኅቡዕ ስም ይጠራሉ፣ በሌላ ሰው መታወቂያ ያልፋሉ፤ ሲያዙም የመጀመሪያው ጥያቄ «እውነተኛ ስምህ ማነው?» ነው። ጠያቂዎቹ ራሳቸው ስማቸውን የሚሸሽጉበት ቀን እንደሚመጣ ያኔ ማን ይገምታል?

ያ ቀን መጣ። መጀመሪያ የመጣው ግን ስሙን ሳይለውጥ የተሸሸገ ሰው ነው።

እድገጋየሁ ታዬ በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ኮሎኒ ስኩዌር በሚባል ሆቴል አስተናጋጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያው ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ሻንጣ የሚሸከም አንድ ሠራተኛ አየች። ሰውየው ቀልቤሳ ነገዎ ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር። በ1970 ዓ.ም. እርሷን ራቁቷን አስሮ ካስገረፏት መካከል ነበረ። አሁን ሁለቱም የአንድ ቀጣሪ ሠራተኞች ናቸው፤ እርሷ ሳሕን ይዛ፣ እርሱ ሻንጣ ይዞ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። የልብ ወለዱ ሴት ብትሆን ኖሮ ሽጉጥ ትፈልግ ነበር። እድገጋየሁ ያደረገችው ግን ስልክ መደወል ነው። በዚያው እስር ቤት ያለፉ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሂሩት አበበና ኤልሳቤጥ ደምሴ። ሁለቱም ሲያዙ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ ልጃገረዶች ናቸው። የኤልሳቤጥ እህት ከዚያ እስር አልተመለሰችም። ሦስቱ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1990 በአትላንታ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። በ1993 ዳኛው ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ካሣ ፈረደላቸው፤ በ1996 የይግባኙ ፍርድ ቤት አጸናው። በዚህ መሐል የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር ሆነ። ይግባኙ ገና እየታየ ሳለ፣ በ1995፣ ቀልቤሳ የአሜሪካ ዜግነት ተሰጠው። በአንዱ መሥሪያ ቤት ገራፊ መሆኑ ተፈርዶበታል፤ በሌላው መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ሰው አሠቃይተህ ታውቃለህ ወይ ሲባል አላውቅም ብሎ አልፏል። ስሙ አንድ ነው፤ ሁለቱ መዝገቦች ግን አይተዋወቁም። ዜግነቱ የተገፈፈው በ2004 ነው፤ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ወደፈረደችበት አገሩ የተመለሰው ደግሞ በ2006።

የዴንቨሩ ሰው ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ስምም ለውጧል። የማንንም ስም አይደለም፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም ነው የወሰደው።

ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ በቀይ ሽብር ጊዜ በከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ነበር። እስረኞቹ «ቱፋ» በሚል ቅጽል ያውቁታል። ከጊዜ በኋላ ኬንያ ገባ። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 በሌለበት ሞት ፈረደበት። በዚያው በኬንያ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ከልጆቻቸው ጋር በስደተኛነት የተፈቀደላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ያለፈቃዳቸው የተመላለሰበት ይበቃል። አዛውንቱ የመርሳት በሽታ ያዛቸው። አባት ካልሄደ ደግሞ የልጆቹ መሄድም ያጠራጥራል። ስለዚህ ከቤተሰቡ በኩል በተደረገ ስምምነት ከፈለኝ የአዛውንቱን ስም ያዘና አምስት ልጆችን አስከትሎ፣ አባት ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2004 አሜሪካ ገባ።

ለምን እንዲህ በቀላሉ አለፈ? መልሱ በራሳችን ስም አወጣጥ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እኛ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሊያስለምደን ሞክሮ ነበር፣ አልሆነም። ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ የራስ ስም ነው። ስለዚህ ያን ስም በወረቀት የያዘ ሰው፣ አምስቱ ልጆች ስማቸውን በጠሩ ቁጥር ሳይጠየቁ ይመሰክሩለታል። የፈረንጅ ሌባ የሚሰርቀው አንድ ሰውን ነው። የሐበሻን ስም የሰረቀ ግን አባትና አያትን ከነልጆቹ ይወስዳል። በጎረቤት ዓይን ላይ የተመሠረተው ስማችን ጎረቤት የሌለበት ጠረጴዛ ፊት ሲቀርብ ራቁቱን ነው። መጽሐፍ ሻጩ ልጅ ያላሰበው ይህን ነው። ጎረቤቴ አታምናትም፣ እውነት ነው፤ ናይሮቢ ወይም ኒው ዮርክ ያለው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ግን ጎረቤቴ አይደለም።

በልጆቹ ለመፍረድ አልቸኩልም። በስደት ካምፕና በናይሮቢ ኪራይ ቤት ዓመታት ጠብቆ አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል የአባትን አእምሮ ያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ፣ ያልደረሰበት አይናገርም። አሜሪካኖቹ ግን በዚህ አልተለሳለሱም። ቤተሰብ ማወቁ የሌላ ሰው ስም ይዞ መንግሥትን ለማታለል ሕጋዊ ሥልጣን አይሆንም።

ከፈለኝ በተዋሰው ስም ስድስት ዓመት ያህል ኖሮ በመጋቢት 2010 ዜግነት ወሰደ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የእኚያ አዛውንት ስም ግን እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ትቷቸው ሄዶ ለሌላ ሰው ቃለ መሐላ ፈጸመ።

ከዚያ በ2011 በዴንቨር አጠገብ በምትገኘው ኦሮራ ከተማ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት። በዚያ ቤት የገባ አንድ የቀድሞ የከፍተኛ 15 እስረኛ የሰውየውን ፊት አየ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፏል፤ ጠጉር ሸብቷል፣ ጉንጭ ወርዷል። አወቀው። እንደ አትላንታዋ ሴት እርሱም ሽጉጥ አልፈለገም፤ ለመንግሥት አመለከተ። ከፈለኝ በነሐሴ 2012 ተያዘ፤ በጥቅምት 2013 ጥፋተኛ ተባለ። የቀድሞ እስረኞች እየመጡ መሰከሩበት። በግንቦት 2014 ዳኛ ጆን ኬን 22 ዓመት እስራት ፈረዱበት። በ2015 ይግባኙ ውድቅ ሆነ። (ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉት ወገኖች «ከፈለኝ» በሚለው ስም ላይ የፈለጉትን ይበሉ።)

ያን 22 ዓመት ዘርዝረን እንየው። ዜግነትን በማታለል ለማግኘት 10 ዓመት፣ ለቪዛ ማጭበርበር 10 ዓመት፣ የሌላን ሰው ማንነት ለመስረቅ 2 ዓመት። በከፍተኛ 15 ለሆነው ነገር አንድም ቀን የለበትም። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በአዲስ አበባ ስለተገደለ ሰው ሊፈርድበት ሥልጣን አልነበረውም። ዳኛው ያን ሁሉ ምስክርነት ሰምተው ማድረግ የቻሉት፣ ለወረቀቱ ወንጀል ሕጉ የፈቀደውን ጣሪያ መስጠት ነበር። ለስርቆቱ የተሰጠው ሁለት ዓመት ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል፤ ሰውየው ግን የተያዘው በዚያ በኩል ነው። በራሱ ስም የመጣው ቀልቤሳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል አሜሪካ ኖሮ አንድም ቀን በወንጀል ሳይከሰስ ነበር የተባረረው።

ዛሬ መታወቂያችን ወደ ጣት አሻራና ወደ ዓይን ብሌን ተሸጋግሯል። ለ«ፋይዳ» ሕግ የወጣለት በ2015 ዓ.ም. ነው። ባለፈው ሳምንት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለመመዝገብ ከተሰለፉት መካከል ነበርኩ። ከፊቴ የነበሩ እናት ጣታቸው ሥራ የፈጋው ስለሆነ መሣሪያው አሻራቸውን አልያዘም፤ ደጋግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ከኋላ የነበረች ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እትዬን እኔ አውቃቸዋለሁ፣ የሰፈሬ ሰው ናቸው!» አለች። መዝጋቢው ሳቀባትና ቀጠለ።

የዴንቨሩ መዝገብ የከፈለኝን እውነተኛ ስም ይዟል። ከስሙ ቀጥሎ ግን፣ እንደ ፍርድ ቤቶች ልማድ፣ «በሌላ ስሙ» ተብሎ የአዛውንቱ ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ተጽፏል። አሁንም እዚያው አለ።