ቪዛና የመቆያ ፈቃድ፤ የውጭ ተማሪ ሕግ ታሪክ በአሜሪካ

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ዩናይትድ ስቴትስ የሚሄድ ተማሪ ፓስፖርቱ ላይ ቪዛ ሲመታለት ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ቪዛ በመግቢያው በር ቀርቦ ለመግባት መጠየቂያ ሰነድ እንጂ የመቆያ መብት አይደለም። ቪዛውን የሚሰጠው ቆንስሉ ነው፤ መቆያውን የሚፈቅደው ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የሆነው የኢሚግሬሽን ሹም ነው። ሕንፃ ለመሥራት የተሰጠ ፈቃድ በሕንፃው ለመገልገል የሚሰጠውን እንደማይተካ ለሚያውቅ መሐንዲስ ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

መነሻው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ለየሀገሩ ኮታ ሲመድብ፣ 15 ዓመት የሞላውንና ለትምህርት ብቻ የሚመጣውን ተማሪ ከኮታው ውጭ አደረገው። ልግስናው ግን ዋጋ ነበረው። ተማሪውን የሚቀበለው ትምህርት ቤት በሥራ ጉዳይ ሚኒስትሩ የጸደቀ መሆን ነበረበት፤ ተማሪው ትምህርቱን ባቆመ ጊዜም ለሚኒስትሩ ማስታወቅ ነበረበት። ይህን ቸል ያለ ትምህርት ቤት ፈቃዱ ይነጠቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ለመንግሥት ዐይን መሆን የጀመረው እንግዲህ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ነው።

የ1952 ሕግ ደግሞ ተማሪውን «ኤፍ» በተባለው የጊዜያዊ እንግዳ መደብ አስገባው። በሀገሩ ሊተወው የማያስበው መኖሪያ እንዳለው ማስረዳትም ግዴታው ሆነ።

ሀገር ሰላም ሳለ ይህ ቀላል ቃል ነው። ከ1974 አብዮት በፊት ለሄዱት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ግን እንመለስባታለን ያሏት ሀገር በሌሉበት ተለወጠችባቸው። ትምህርቱን የጨረሰ ወይም የሚከፍለው አጥቶ ያቋረጠ ተማሪ፣ የቪዛው ቀን ገና ቢሆንም እንኳ የመቆያ መብቱ ያበቃል። መመለሱ ደግሞ፣ በተለይ በቀይ ሽብር ወራት፣ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1977 ኢትዮጵያውያን ተገደው እንዳይወጡ ጊዜ ሰጣቸው። ይህ ውሳኔ ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አልነበረም፤ ማባረርን ለጊዜው ከመተው ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። በ1981 ሊቋረጥ ሲል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ በ1982ም ቀደም ብለው ለገቡት እንደገና ጸና። በመካከሉ የወጣው የ1980 የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት ለሚጠይቁት ሌላ መንገድ ከፈተ። በዚያ መንገድ የሄደ ግን ለቆንስሉ እመለሳለሁ ያለውን ቃል አጥፎ፣ መመለስ እንደሚያስፈራው ማስረዳት ነበረበት። ሁለቱም ቃል በየጊዜው እውነት ነበረ።

በኅዳር 1979 ፕሬዚዳንት ካርተር የኢራን ተማሪዎች በሙሉ ቀርበው እንዲመዘገቡ ባዘዙ ጊዜ፣ ስንት እንደሆኑና የት እንደሚማሩ መንግሥት በትክክል እንደማያውቅ ታየ። የ1924ቱ ማስታወቂያ በወረቀት ክምር ውስጥ ቀርቶ ነበር። በ1993 በኒው ዮርክ የንግድ ማዕከል ላይ በደረሰው የቦምብ አደጋ ከተሳተፉት አንዱ በተማሪ ቪዛ የገባ በመሆኑ፣ የ1996 ሕግ መረጃው በኮምፒዩተር እንዲሰበሰብ አዘዘ። ከመስከረም 2001 አደጋ በኋላ ሥራው ተፋጥኖ በ2003 ተግባራዊ ሆነ። በዚህ ደንብ ተማሪው ሳያስፈቅድ ከሙሉ ጊዜ ትምህርት በታች ሲወርድ ዩኒቨርሲቲው በ21 ቀን ውስጥ ያስታውቃል። ቪዛው በፓስፖርቱ ላይ እንደተመታ ይቆያል፤ መቆያው ግን ያኔውኑ ይቋረጣል።